ለየብርጓል ቀን ያስቀመጥሁት ቤንዚን

ይሄን የምጽፈው እመኑኝ ብዬ አይደለም። ማመን የማይፈልግ አሁኑኑ ይለፈው... ከማንም ጋር የምከራከርበት አቅም የለኝም።

ግን ሆኗል። በእኔ በየሺዋስ ላይ፣ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ሆኗል።

ሌሊት አልነበረም። መቃብርም ጫካም የለበትም። የጀመረው ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ወዲህ ወዲያ በሚልበት መንገድ ዳር፣ አንድ ብየዳ ቤት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ።

እኔ የማድረው በሞተር ሰው እያመላለስሁ ነው። ሞተር ደግሞ ያለ ቤንዚን ብረት ነው። እኛ ዘንድ ማደያ ቤንዚን ገባ ማለት ድግስ ማለት ነው። ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም ይሰለፋል፣ ግማሹ ሳይደርሰው ይመለሳል።

በጄሪካን ደግሞ አይቀዳም። ክልክል ነው። የሞተርህ ታንከር የያዘውን ያህል ይሞሉልሃል፣ አለቀ፣ ሂድ! ከዚያ በኋላ ያለህ ምርጫ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን፣ ግማሹ ውሃ ይሁን ምን ይሁን የማይታወቀውን መግዛት ነው።

ይሄ ብስጭት ብቻ ቢሆን ኖሮ ችዬው እኖር ነበር።

ግን አምና...

አምና ባለቤቴ የብርጓል ለመውለድ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር፣ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ካለ ገጠር። ምጥ የያዛት ቀን ሞተሬ ውስጥ ጠብታ ቤንዚን አልነበረም። አምቡላንስ ቢጠራ ነዳጅ የለውም ተባለ። ጓደኛ ጋ ሮጥሁ፣ የለም። ጎረቤት ጋ ሮጥሁ፣ የለም! እዚያ ደግሞ የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ።

እሷ ተረፈች። ሴት ልጄን ግን አልደረሱላትም።

በአንድ ጣሳ ቤንዚን! አንድ ጣሳ!

ስለዚህ ዘንድሮ ደግማ አርግዛ፣ እንደ ወጉ እናቷ ዘንድ ስትሄድ ማልሁ። የመጣው ቢመጣ፣ ለየብርጓል ቀን የሚሆን ቤንዚን ማንም ሳይነካው ይቀመጣል።

መላውን የነገረኝ ሐምዱ ነው። ሐምዱ በያጅ ነው፣ እጁ የተባረከ ሰው። "ከወንበሩ ኋላ ሁለተኛ ታንከር ከፍ አድርጌ እበይድልሃለሁ" አለኝ። "በጎማ ከዋናው ጋር አገናኘዋለሁ፣ መሃሉ ላይ ሩቢኔት አስገባለሁ። ማደያ ስትሄድ ሁለቱንም ይሞሉልሃል፣ የሞተሩ አካል ነዋ! አንተ ሩቢኔቱን ትዘጋና የኋለኛውን ለቀኑ ታስቀምጠዋለህ።"

ከደስታዬ የተነሳ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ያን ሐሙስ ከቁርጥራጭ ብረት ክምሩ ውስጥ አንድ አሮጌ የሞተር ታንከር ጎትቶ አወጣ። ቀይ ነው። አንዱ ጎኑ ገባ ብሎ ተጨርምቷል።

"የማን ነበር?" አልሁት።

"እኔ ምን አውቄ? ከደጀን ነው የመጣ። ከገደል ያወጡትን ብረት ሁሉ አምጥተው ይሸጡልኛል።"

አሁን ልብ በሉ... የቤንዚን ታንከር እንዲሁ አይበየድም። ውስጡ የቀረው ሽታ ብቻ እሳት ሲያገኘው ፈንድቶ ሰው ይገድላል። አፉ ድረስ ውሃ ሞልተህ ነው የምትበይደው።

ሐምዱ ቧንቧውን ከፈተ። ፍስስ... አየር ብቻ።

"ውሃ ከጠፋ ዘጠነኛ ቀኑ" አለ። "ነገ ይመጣ ይሆናል። ነገ እንሥራው።"

"ነገ?! ነገ ጠዋት ማደያ ቤንዚን ይገባል! ነገ ካለፈኝ እንደገና መቼ ልጠብቅ? ሚስቴ ወሯ ገብቷል እኮ ሐምዱ!"

"ታዲያ ውሃ ከየት ላምጣ?"

ሞተሬ ላይ አንድ ቢጫ ጄሪካን ታስሮ ነበር። ጸበል ነው። አማቴ፣ እማማ ወለተ ሰንበት፣ የብርጓል እንድትጠጣውና ሆዷን እንድትታሽበት አምጣ ብለውኝ ከጠዋት ጀምሬ ተሰልፌ የቀዳሁት።

አየሁት። ሐምዱም ሳየው አየኝ።

"ኧረ ተው" አለኝ። "ጸበላችሁ አይደለም እንዴ?"

"ውሃ ውሃ ነው!"

"ወላሂ እጄን አላስገባበትም። ለእናንተም ለእኛም ደግ አይደለም።"

"አንተ አትንካው። እኔ ነኝ የምቀዳው። ኃጢአቱም በእኔ!"

እስላሙ ጸበሌን ሲያከብር ክርስቲያኑ እኔ ክዳኑን ፈታሁ። ይሄን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ማንቆርቆር ጀመርሁ።

መጀመሪያ ዝም ብሎ ገባ። ጉል... ጉል... ጉል።

ከዚያ ታንከሩ ጮኸ።

ብረት ያፏጫል፣ አየር ሲወጣ ድምፅ ይሰጣል፣ ይሄን አታስተምሩኝ። ፉጨት አልነበረም። ጸበል ቦታ የዋለ ሰው ያውቀዋል... ውሃው ሲያርፍበት የታመመው ሰው የሚያወጣው፣ የራሱ ያልሆነው ጩኸት። የሴት ድምፅ ነው። ከሆዷ ነው የምትጮኸው።

መንገድ ማዶ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አማተበች።

ሐምዱ ወደ ኋላ ሸሸ። "ሰማህ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አየር ነው።"

"የሺዋስ..."

"አየር ነው አልሁህ! በይደው!"

አፉ ድረስ ሲሞላ ጩኸቱ ቆመ። ሐምዱ እየቀፈፈው፣ በልቡ የሚለውን እያለ በየደው። ስንጨርስ ጸበሉን መሬት ላይ ደፋሁት። ረግጠነው ወጣን።

በማግሥቱ ማደያው ሁለቱንም ታንከር ሞላልኝ። የኋለኛው አሥራ አራት ሊትር ያዘ። ሩቢኔቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ እያፏጨሁ ነበር።

ደስታዬ አንድ ሌሊት እንኳ በቅጡ አልቆየ።

ቅዳሜ ጠዋት የሸምበቆ ዘንግ አስገብቼ ለካሁ። አንድ ጣት ጎድሏል።

እሑድ... ሁለት ጣት።

ሌባ ነው አልሁ። ክዳኑ ላይ ቁልፍ አደረግሁበት፤ ሞተሩን ቤት ውስጥ አስገብቼ ከአልጋዬ አጠገብ አቆምሁት። ሰኞ ግማሹ የለም። መሬቱ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለችም።

እየነደድሁ ሐምዱ ጋ ሄድሁ። "አበላሽተህ ነው የበየድኸው! የሰው ሕይወት ነው እኮ!"

አልተቆጣም። ሳሙና በጥብጦ ብየዳውን ዙሪያውን ቀባና በአፉ አየር ነፋበት። ቢያፈስ አረፋ ይነሳል። ምንም አልተነሳም።

"አያፈስም" አለ። ከዚያ ታንከሩን በእጁ ዳሰስ አደረገና ቶሎ አነሳ። "የሺዋስ... ሞተሩን ከቆመበት አንሳው እስቲ።"

ላነሳው ሞከርሁ። ከበደኝ።

ቤንዚኑ በግማሽ ጎድሏል፤ ሞተሩ ግን ካለፈው ሳምንት ይልቅ ይከብዳል። የኋላ ጎማው ሞላ ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ታች ተጨምቋል።

ሐምዱ ዓይኔን አላየኝም። "ይሄን ነገር እኔ ልፍታልህ" አለ ቀስ ብሎ።

"ፈትተህስ? ቤንዚኑን የት ላስቀምጠው፣ በኪሴ?"

ትቼው ሄድሁ። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ያን ዕለት አንዲት መምህርት አሳፈርሁ። መንገድ ሳናጋምስ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

"አቁም።"

"ምን ሆንሽ?"

"ከኋላዬ ምንድን ነው ያሰርኸው?"

"ታንከር ነው፣ የቤንዚን።"

"ክብ ነገር ነው ወገቤን የሚገፋኝ" አለች እየወረደች። "ደግሞ... ይንቀሳቀሳል።"

ዞሬ ታንከሩን አየሁት። በእሷ በኩል ያለው ጎኑ የተጨረመተው ነው። ወደ ውስጥ የገባው።

ማታ ለአማቴ ደወልሁና የጸበሉን ነገር ሳልወድ ነገርኋቸው።

"ጮኸ ነው ያልኸኝ?"

"አዎ እማማ።"

"ጮኾ... ተውኸው? አንድ ጊዜ አስነክተህ?"

"ታንከር ነው እኮ እማማ!"

"አንተ ልጅ! ጸበል ተጀምሮ አይቋረጥም። ማን እንደሆነ ሳይናገር፣ የሚሻውን ሳይጠየቅ፣ ሰባት ቀን ሳይሞላው ትተኸው ትሄዳለህ? ነቅቶ ይቀራል እኮ! አምጣውና ይጠመቅ።"

"ሞተሬን ሰባት ቀን ላስጠምቅ? ሰው ምን ይለኛል?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰው ደወሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር።

"የሺዋስ፣ ያዛት። ውሃዋ ፈሷል። ድረስ!"

ወደ ታንከሩ ሮጥሁ። ዘንጉን አስገባሁ። ደርቆ ወጣ።

እንደገና አስገባሁ። ደርቆ ወጣ!

ክዳኑን እንደከፈትሁ ጆሮዬን አስጠጋሁ። አየር ወደ ውስጥ ተሳበ... ቀስ ብሎ... ከዚያ ወደ ውጭ ተመለሰ።

በእግሬ ረገጥሁት። አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ የማይባል ነገር ተሳደብሁ። አለቀስሁም። ዋናው ታንከር ውስጥ ያለችው ለመሄጃ ትበቃ እንደሆነ እንጂ ለመመለሻ አትሆንም። ቢሆንም ሄድሁ። ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ልያት?

ስደርስ የብርጓል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እማማ ወለተ ሰንበት ነጠላቸውን አሸርጠው ተዘጋጅተዋል።

"ከኋላዋ ልቀመጥና ልደግፋት" አሉ።

ታንከሩን አሳየኋቸው። ቦታ የለም። እንዳዩት አማተቡ፣ ግን ጊዜ አልነበረም።

"ሂዱ! ማርያም ትከተላችሁ! ማርያም ማርያም!"

በስፖኪዮው መስተዋት አየኋቸው፣ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲያንሱ፣ ሲያንሱ... እስኪጠፉ ድረስ።

መንገዱ ጠጠር ነው። የብርጓል በየጉድጓዱ ታቃስታለች። ጥፍሯ ሆዴ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ድንገት ዝም አለች። መያዟንም ለቀቀችኝ።

"የብሬ! አይዞሽ፣ ያዥኝ!"

"አይዞህ... ደህና ነኝ" አለች። "እማዬ አጥብቃ ይዛኛለች።"

ልዞር ብዬ ተውሁት።

"ማን?"

"እማዬ። ከኋላዬ።"

ጋዝ ብቻ ጨመርሁ። ምን ልበላት?

"እጇ ግን ይቀዘቅዛል" አለች ቆይታ። "ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች።"

ስፖኪዮውን በእጄ ወደ ታች አጠፍሁት። ፈሪ በሉኝ፣ ግድ የለኝም። ባየው ኖሮ ሞተሩን ገደል እከተው ነበር።

ደብረ ማርቆስ ሩብ ያህል መንገድ ሲቀረን ሞተሩ አንዴ አሳለ። ሁለቴ አሳለ። ቀጥ አለ።

ሜዳ ነው። ግራና ቀኝ የታጨደ እርሻ። ሰው የለም፣ መኪና የለም፣ ስልኬ ኔትወርክ የለውም። የአምናው ቀን፣ ያው ቀን፣ ተመልሶ መጣ።

የኋለኛውን ሩቢኔት ከፈትሁ። ባዶ እንደሆነ እያወቅሁ ከፈትሁ። ረገጥሁ። ምንም። ረገጥሁ። ምንም!

የብርጓል "የሺዋስ... መጣ..." አለች።

ያኔ ልቤ ፈነዳ። ፊቴን ሳላዞር፣ በዚያ ሜዳ መሃል፣ ጮህሁ፦

"አንቺ! ማንም ሁኚ! የልጄን ቤንዚን ነው የጠጣሽው! መልሺልኝ! ሚስቴን አድርሺልኝ... እኔም አደርስሻለሁ! እምላለሁ፣ አንቺንም አደርስሻለሁ!"

ጸጥ አለ።

ከኋላ፣ ከብረቱ ውስጥ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁ።

ረገጥሁ። ሞተሩ ተነሳ።

በምን እንደሄደ አትጠይቁኝ። አላውቅም። እንደዚያ ሄዶ አያውቅም፣ አንዴም ሳያስል፣ ዳገቱን ሳይታክት ሄደ። የጭስ ማውጫው ጭስ አልነበረውም። የብርጓል ጆሮዬ ሥር ታቃስታለች... አንዳንዴ ደግሞ የምታቃስተው እሷ አልመሰለችኝም።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሰዎች ሮጠው መጡና ደግፈው አወረዷት። መሪውን ይዤ ነበርና የኋላው ሞላ ቀና ሲል በእጄ ተሰማኝ።

ከዚያ... እንደገና ቀና አለ።

ልክ አንድ ሰው ሲወርድ እንደሚሆነው።

ውጭ ቁጭ ብዬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የጸለይሁት ጸሎት የለም፤ የማውቀው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። በመጨረሻ ሶልያና የምትባል ወጣት አዋላጅ ነርስ ወጣችና ስሜን ጠራች።

"የየብርጓል ባል አንተ ነህ? እንኳን ማርያም ማረቻት። ወንድ ልጅ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው።"

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ደረሰ! ዘንድሮ ደረሰ! ሰው ቢያየኝ ባያየኝ ምን ገዶኝ።

ሶልያና እስክረጋጋ ጠበቀችኝ። ከዚያ ቆጣ አለች።

"ለሌላዋ ግን ደረቅ ልብስ አምጣላት እንጂ። በቤንዚን ርሳለች። ሰው እንዲህ ተደርጎ ይመጣል?"

"ለየቷ?"

"አብራችሁ ለመጣችው። እሷ ገና ምጥ ላይ ናት። ስምሽ ማነው ስንላት ዝም አለች። ማን አመጣሽ ስንላት ያንተን ስም ጠራች።"

እኔ አንድ ሰው ብቻ ነው ያመጣሁት ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሜዳው ላይ የማልሁትን እኔ አውቃለሁና።

"ላያት?" አልሁ።

ተከትያት ገባሁ።

የብርጓል ተኝታለች። ልጄ በቀኝ ብብቷ ሥር ተጠቅልሎ ይተነፍሳል። አፍንጫው የእኔ ነው። ደጋግሜ አየሁት።

በግራዋ ያለው አልጋ ባዶ ነው።

"አሁን እዚህ ነበረች እኮ!" አለች ሶልያና።

አንሶላው መሃሉ ጎድጉዶ ርሷል። ከፍራሹ ጠርዝ ጠብ... ጠብ... ይላል። ክፍሉን ቤንዚን ሸቶታል።

ያኔ ነው የባለቤቴን ግራ እጅ ያየሁት።

በሁለቱ አልጋዎች መሃል፣ አየር ላይ ተዘርግቷል። ማንም አልያዘውም። ግን አይወድቅም። ከባድ እንቅልፍ ላይ ናት፣ እጇ ግን አይወድቅም።

አንድ በአንድ አየኋቸው... ጣቶቿ እርስ በርስ ተጠጉ። ተጨመቁ። ጫፋቸው ነጣ። ቆዳዋ ላይ የጣት ጉድጓድ ጉድጓድ ወጣበት።

ከዚያ ላላ። ደሟ ተመለሰ።

ትንሽ ቆየና... እንደገና ተጨመቁ። ካለፈው ይልቅ በረታ።

ላላ።

እንደገና።

ዞር ብዬ ሶልያናን አየኋት። ዓይኗን ከእጁ ላይ ሳትነቅል፣ የሥራ ልማድ ሆኖባት ነው መሰለኝ፣ የእጅ ሰዓቷን ቀና አደረገች። ቆጠረች።

"እየፈጠነ ነው" አለች በሹክሹክታ።